የቄሣር ያልሆነውን ለቄሣር?

«ክርስትናን በጥንቱ ዓለም ያስፋፋው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ የቀረበለት ተማሪ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ «ቆስጠንጢኖስ» ብሎ ይጽፋል፤ ማርኩንም ያገኛል። ጥያቄውም መልሱም ከዓመት ዓመት ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ነው። የገለበጠው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብሎ «እንዴት? በምን? ስንት ዘመን ፈጅቶ?» ብሎ አልጠየቀም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሞግተው ይኸንን መልስ ነው። ሃይማኖት ልንሰብክም ሆነ ሃይማኖት ልንነቅፍ አልተነሳንም፤ የማንም እምነት እዚህ ገጽ ላይ አይፈተንም። ጠባችን ከታሪክ አጻጻፉ ጋር ነው። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ሰብስቦ ለአንድ ዘውድ ማሸከም ምን ዓይነት ታሪክ ነው? ነገ ከመካከላችን ብዙው መምህር ይሆናል። ያንኑ ደብተር ይዞ አውራጃ ወርዶ ያንኑ አንድ ስም ለልጆች ሊያስገለብጥ ነው ወይ?

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ እንዳያምታታ።)

እስቲ መጀመሪያ ዘመኑን እንቁጠር። ቆስጠንጢኖስ ሮም አጠገብ በሚልቪዮስ ድልድይ ባላጋራውን ማክሴንቲዮስን ድል የመታው በ312 ነው። ከሊኪንዮስ ጋር ሚላኖ ላይ ተገናኝቶ ክርስቲያኖች በነፃነት እንዲያመልኩ የተስማማው በ313 ነው። እሺ። ዳሩ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ311 ጋሌሪዮስ የተባለው ቄሣር ስደቱ እንዲቆም አዋጅ አስነግሯል። ጋሌሪዮስ የክርስቲያን ወዳጅ እንዳይመስላችሁ። በ303 ለተጀመረው ለታላቁ ስደት ዋናው ቆስቋሽ እሱ ነው ብሎ የዘመኑ ጸሐፊ ላክታንትዮስ የከሰሰው ሰው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ተቃጥሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ፣ ሰው ተገድሎ ሲያበቃ፣ እሱም ታምሞ ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ፈቃዱን የሰጠው። እንዲያውም ለእርሱና ለመንግሥቱ ደኅንነት ወደ አምላካቸው እንዲጸልዩ ጠየቀ። ያሸነፈ ሰው እንዲህ ያለ አዋጅ አያወጣም፤ ነገሩ አልሆን ያለው፣ የታከተው ነው የሚያወጣው። ታዲያ ጋሌሪዮስን ማን አታከተው? ያን ጊዜ እኮ ቆስጠንጢኖስ ገና በምዕራቡ ዳር ያለ አንድ ገዥ ነበር።

ስደቱ የተጀመረበት ቦታም ራሱ ይናገራል። ዲዮቅልጥያኖስና ጋሌሪዮስ በ303 መጀመሪያ ያስፈረሱት ቤተ ክርስቲያን የቆመው በኒቆምድያ ከተማ፣ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሆኖ ሲያዩት ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ ነው። ሁለቱ ነገሥታት ሲፈርስ ከግቢያቸው ሆነው እንዳዩት ተጽፏል። በየጓዳው የተደበቀ አንድ እፍኝ ሰው ከንጉሥ መስኮት ፊት ለፊት ቤተ ክርስቲያን አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ኒቅያ አለ። በአገራችን «ሠለስቱ ምዕት» እያልን የምንጠራቸው አባቶች በ325 ሲሰበሰቡ ጥሪውን ያስተላለፈው በእርግጥ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ይኸን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከተሰበሰቡት ጳጳሳት ብዙዎቹ ከምሥራቁ ክፍል የመጡ ነበሩ፤ ምሥራቁን ደግሞ ቆስጠንጢኖስ ከሊኪንዮስ እጅ የወሰደው በ324 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ነው ታዲያ ያ ሁሉ ሀገረ ስብከት የበቀለው? በአንድ ዓመት ባቄላም ቢሆን ሁለት ጊዜ አይታጨድም! ወደ ሰሜን አፍሪካ ዞር ብትሉ ደግሞ በ256 ቆጵርያኖስ በቅርጣግና በጠራው ጉባኤ 87 ጳጳሳት ተገኝተዋል። ይኸ ቆስጠንጢኖስ ከመወለዱ በፊት ነው። 87 ጳጳስ ማለት እንግዲህ ቢያንስ 87 ከተማና መንደር፣ በየከተማው ምእመን፣ በየምእመኑ ጀርባ ያስተማረው ሰው ማለት ነው። ያ ያስተማረው ሰው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚከብደው፤ ስም የለማ!

በ112 ገደማ ፕሊኒዮስ የተባለ የሮም ባለ ሥልጣን በጥቁር ባሕር ዳርቻ በቢታንያና በጳንጦስ ገዥ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ክርስቲያኖችን እየያዘ ሲመረምር ግራ ገባውና ለንጉሡ ለትራያኖስ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ዛሬም አለ። ይኸ ሰው ወዳጅ አይደለም፤ ሞት የሚፈርድ ዳኛ ነው፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ይጠቅመናል። ነገሩ ከተማ ብቻ ሳይሆን መንደርና እርሻም እንደገባ፣ በየዕድሜው፣ በየማዕረጉ፣ ወንዱንም ሴቱንም እንደያዘ፣ ቤተ ጣዖቱ ወና ሆኖ እንደነበረና የመሥዋዕቱ ሥጋ ገዥ አጥቶ እንደቆየ ይናገራል። እንግዲህ ጌታው እውነቱን ሊያወጣ ብሎ ያደረገውን ስሙ፤ ሁለት ባሪያ ሴቶችን በግርፋት መረመረ። እነዚህ ሴቶች በማኅበሩ ውስጥ አገልጋዮች፣ እኛ ዲያቆናት እንደምንለው ያሉ፣ መሆናቸውን ራሱ ጽፏል። ከዚያስ? ከዚያ በቃ። ስማቸውን አልጻፈም። የጳንጦስ ክርስትና ለታሪክ የቀረበው በእነዚህ በሁለቱ ሴቶች ገላ ላይ በወረደ ጅራፍ ነው፤ እኛ ግን የገዥውን ስም እናውቃለን፣ የንጉሡን ስም እናውቃለን፣ የሴቶቹን አናውቅም። ደብተራችን ደግሞ ይባስ ብሎ መኖራቸውንም አያውቅም።

ሌላ ጠላት እንጥራ። ኬልሶስ የተባለ ፈላስፋ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ክርስቲያኖችን የሚያብጠለጥል መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ኦሪገን በ248 ገደማ መልስ ሲሰጠው እየቆነጠረ ስለ ጠቀሰው አብዛኛውን እናውቀዋለን። የኬልሶስ ትልቁ ንቀት ምን ላይ ነው? ሃይማኖቱን በየቤቱ የሚያስተምሩት ሱፍ ሠሪዎች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች መሆናቸው ላይ ነው! በጌቶችና በተማሩ ሰዎች ፊት አፋቸውን አይከፍቱም፤ ልጆቹንና ሴቶቹን ለብቻ ሲያገኙ ግን ይለፈልፋሉ ብሎ ያላግጣል። ይኸ ፌዝ ለእኛ ወርቅ ነው። የተማረው ሰው በንቀት አፉን አጣሞ የመሰከረልን፣ ነገሩ የተላለፈው በጓዳና በሥራ ቤት፣ ሱፍ በሚፈተልበትና ጫማ በሚሰፋበት ቦታ መሆኑን ነው። ጳውሎስም ቢሆን ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር አብሮ ያደረው ሙያቸው አንድ ስለሆነ ነው። አቂላና ጵርስቅላ ደግሞ ንጉሥ ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ሲያስወጣ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ይኸንን ልብ በሉ፤ ሃይማኖቱ የተጓዘው በየወደቡና በየገበያው በተበተነው የአይሁድ ማኅበር መስመር፣ በምኩራብ በርና በግሪክኛ በተተረጎመው ብሉይ ኪዳን ላይ ተንጠላጥሎ ነው። ያ መረብ ባይኖር ኖሮ ጳውሎስ ከአንጾኪያ የትም አይደርስም ነበር ብንል ብዙ አልዋሸንም።

ደግሞስ ጳውሎስንም ቢሆን ከቆስጠንጢኖስ አውርዶ በእሱ ቦታ ማስቀመጥ ያው በሽታ ነው። በ57 ገደማ ለሮም ሰዎች መልእክቱን ሲጽፍ እግሩ ሮምን አልረገጠም ነበር። ማኅበሩ ግን እዚያ አለ! በመጨረሻው ምዕራፍ ከሃያ በላይ ሰው በስም እየጠራ ሰላምታ ይልካል፤ ከእነዚያ መካከል ብዙ ሴቶች አሉ፤ ደብዳቤውን ይዛ የሄደችውም ፌቤን ናት ይባላል። ክርስትናን ሮም ያስገባ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ነጋዴ ይሁን፣ ባሪያ ይሁን፣ ከኢየሩሳሌም በዓል የተመለሰ መንገደኛ ይሁን ማንም አልጻፈውም። ቅርጣግናስ? ከዚያ አገር በእጃችን ያለው የመጀመሪያው የክርስቲያኖች ጽሑፍ የ180 ዓመቱ የሲሊ ሰማዕታት የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ሰባት ወንዶችና አምስት ሴቶች፣ ከአንዲት ትንሽ ቦታ ተይዘው መጥተው የጳውሎስን መልእክቶች በሣጥን ይዘው ተገኙ። መቼ ደረሳቸው? ማን አመጣላቸው? እስክንድርያን በተመለከተ ትውፊቱ ማርቆስን ይጠራል፤ አውሳብዮስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ትውፊቱን አናጣጥልም፤ ነገር ግን በዚያ ትልቅ ከተማ ከማርቆስ ስም ጀርባ ያለው የመቶ ዓመት ጨለማ በአንድ ስም አይሞላም።

አሁን «እሺ፣ ድሃውና ሴቱ ይሁን፤ ግን ያለ ተአምር ወይም ያለ ሰይፍ እንዴት ይኸ ሁሉ ሕዝብ ተገኘ?» የሚል ይመጣል። ሮድኒ ስታርክ የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1996 ባወጣው መጽሐፍ ቀላል ሒሳብ ሠርቷል። በ40 ዓመተ ምሕረት 1,000 ክርስቲያን ነበረ እንበል፤ በየ10 ዓመቱ 40 በመቶ ይጨመር፤ በ300 ላይ ወደ 6.3 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ማለትም 60 ሚሊዮን ይሆናል ተብሎ ከሚገመተው የግዛቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛው ገደማ። 40 በመቶ በ10 ዓመት ማለት በዓመት ሲተነተን ለሠላሳ ምእመን አንድ አዲስ ሰው ነው። ሠላሳ ሰው በዓመት አንድ ሰው! ይኸ ተአምርም ዘመቻም አያስፈልገውም፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አማችና የሥራ ባልደረባ ይበቃዋል። ስታርክን ግን እንደ ወንጌል አትያዙት። መነሻውንም መድረሻውንም ገምቶ ነው በመካከላቸው መስመር ያሰመረው፤ በእውነተኛው ዓለም አንድ ዓመት ይጨምራል፣ አንድ ዓመት በስደት ይቀንሳል፣ አንዱ አገር ይሞላል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። ሒሳቡ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ ቄሣር ሊሆን ይችል ነበር።

«ሊሆን ይችል ነበር» ደግሞ አይበቃንም፤ ሥራውን በዓይን እንይ። በ251 የሮም ጳጳስ የነበረው ቆርኔሌዎስ በጻፈውና አውሳብዮስ ባቆየልን ደብዳቤ የማኅበሩ ቆጠራ አለ፤ 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት፣ 7 ንፍቅ ዲያቆናት፣ 42 ረዳቶች፣ አንባቢውና በረኛው ከሌሎች ጋር ተደምሮ 52፣ ከእነዚህ በላይ ደግሞ በማኅበሩ የሚጦሩ ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች። ዓመቱን አስተውሉ፤ ይኸ ሁሉ በስደት ዘመን ነው። ሕጋዊ ዕውቅና የሌለው ማኅበር 1,500 አፍ ይመግባል!

ከዚህ ሁሉ የበለጠ እኛን የነካን ግን ሌላ መዝገብ ነው። በ303 በሰሜን አፍሪካ በኪርታ ከተማ የከተማው ሹም ከነጸሐፊው መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ወረሰ፤ የወረሰውንም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ አንድ በአንድ ቆጠረ። ጥቂት የወርቅና የብር ጽዋ፣ መብራቶች ተገኙ። ከዚያ 82 የሴት ቀሚስ፣ 38 የሴት መከናነቢያ፣ 16 የወንድ ቀሚስ፣ 13 ጥንድ የወንድ ጫማ፣ 47 ጥንድ የሴት ጫማ። መንግሥትን ሊገለብጥ ነው ተብሎ የተፈራው ማኅበር ጓዳው ሲፈተሽ የተገኘው ለታረዘ ሴት የሚታደል ልብስና ጫማ ነው እንግዲህ! የሴቱ ልብስ ከወንዱ አምስት እጥፍ መሆኑ ደግሞ ማኅበሩ ማንን ሰብስቦ እንደነበረ ይጠቁማል። በነገራችን ላይ ኪርታ በኋላ በጦርነት ፈርሳ ስትጠገን ስሟ ተለወጠ፤ ዛሬም በአልጀሪያ ቆስጠንጢን ትባላለች። እንኳን ታሪኩን፣ ከተማውንም ወሰደው ማለት ነው።

የ250ዎቹ ቸነፈርም አይዘለልም። የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ ክርስቲያኖቹ በሽተኛ ሲያስታምሙ አብረው እንደሞቱ፣ ሌላው ሕዝብ ግን የገዛ ዘመዱን ከቤት እያወጣ እንደጣለ ጽፏል። እርግጥ ጳጳሱ ስለ ገዛ ወገኑ ነው የሚመሰክረው፤ ግማሹን እንቀንስለት። በ362 ገደማ ግን ወደ ቀድሞዎቹ አማልክት የተመለሰው ንጉሥ ዩልያኖስ ለገላትያ ሊቀ ካህናት በስሙ በጻፈው ደብዳቤ በቁጭት የሚለው ምንድን ነው? ክርስቲያኖቹ የራሳቸውን ድሃ መጦር አልፈው የእኛንም ድሃ ይጦራሉ፤ እኛም እንግዳ ማረፊያ እንሥራ፣ እህል እናድል ይላል። ጠላት የጠላቱን ሥራ ሊቀዳ ሲነሳ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

እዚህ ድረስ ስንደርስ ከጓደኞቻችን ከፊሎቹ ጮቤ ይረግጡ ይሆናል። «ይኸው! ያልነው እኮ ነው፤ የባሪያዎች አብዮት ነበር!» ይላሉ። ኤንግልስ በ1894 የጥንት ክርስትናን ከዘመኑ የወዛደር ንቅናቄ ጋር አመሳስሏል፤ ካውትስኪም በ1908 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ጽፎበታል። ወንድሞች ሆይ፣ ቀስ! ፕሊኒዮስ እኮ በየማዕረጉ ነው ያለው። ልድያ ቀይ ሐር ትነግድ ነበር፤ ለማኅበሩ የሚበቃ ቤትም ነበራት። ኤርስጦስ በቆሮንቶስ የከተማው ገንዘብ መጋቢ ነበር። ጳውሎስ የኮበለለውን አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና መልሶ ሰድዶታል፤ እንደ ወንድም ተቀበለው አለ እንጂ ባርነት ይውደም አላለም። የአንጾኪያው አግናጥዮስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለፖሊካርፖስ ሲጽፍ ባሪያዎች በማኅበሩ ገንዘብ ነፃ ለመውጣት እንዳይመኙ ይመክራል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእስፓኝ ኤልቪራ ላይ የተደነገገው ቀኖና ደግሞ ገረዷን በቁጣ ደብድባ የገደለች እመቤትን ሆን ብላ ከሆነ ሰባት ዓመት፣ ሳታስብ ከሆነ አምስት ዓመት ከቁርባን ያርቃል። ሰባት ዓመት፣ ለአንድ ነፍስ! አብዮተኛ ማኅበር እንዲህ ያለ ሕግ አያወጣም። በ203 ቅርጣግና ላይ ባላባቷ ፔርፔቱዋና ባሪያዋ ፌሊቺታስ በአንድ ሜዳ ለአውሬ ተሰጡ፤ እመቤትና ገረድ በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው፣ አብረውም መሞታቸው ለዚያ ዘመን ጉድ ነበር። ይኸ ትልቅ ነገር ነው። አብዮት ግን አይደለም። ድሃውን ከንጉሥ ላይ ነጥቀን ስናበቃ እኛው ለምንፈልገው ዓላማ ወታደር አድርገን ብንመለምለው ከደብተሩ በምን ተሻልን?

ወደ ሰይፍ ባዮቹ እንመለስ፤ ለእነሱ ያስቀመጥነው አንድ አገር አለ። ፋርስ። «የጥንቱ ዓለም» ሲባል ሮምን ብቻ ማሰብ የፈረንጅ መጽሐፍ ያስለመደን ነው። በምሥራቅ ከሮም የሚተካከል ሌላ መንግሥት ነበር፤ ነገሥታቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዘረደሽት እምነት የጸኑ ናቸው፤ አንድም ቆስጠንጢኖስ አልተነሳባቸውም። ክርስትና ግን ገባ። በምን ገባ? በኤዴሳ በኩል ሱርስት በሚናገሩ ነጋዴዎች ገባ፤ ደግሞም በምርኮኛ። ንጉሥ ሻፑር 1ኛ በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንጾኪያን ወግቶ ሕዝቡን ማርኮ በአገሩ ሲያሰፍር ከምርኮኛው መካከል ክርስቲያኖች ነበሩ። በእግር ብረት የሄደ ሰው እንግዲህ ሰይፍ ይዞ ነበር ሊባል ነው? በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካርቲር የተባለው ኃይለኛ የእሳት ካህን እኔ የመታኋቸው ብሎ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ዝርዝር ውስጥ ክርስቲያኖች አሉበት። ከዚያ የቆስጠንጢኖስ ነገር መጣና ምን አደረገላቸው? አባሰባቸው! ሮም ክርስቲያን ስትሆን የፋርስ ክርስቲያን የሮም ሰላይ ተባለ፤ ከ340 ገደማ ጀምሮ በሻፑር 2ኛ ዘመን ግብሩ ተደረበባቸው፣ ጳጳሳቸው ስምዖን ተገደለ፣ ስደቱም ለዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። ያም ሆኖ በ410 በሴሌውቅያ ጉባኤ ሠርተው ማኅበራቸውን አደራጁ። ከእነዚህ ወገን የሆነው አሎፔን በ635 ቻይና መግባቱን በ781 የተተከለው የሺያን የድንጋይ ሐውልት ይመሰክራል። ከሜሶጶጣምያ እስከ ቻይና፣ አንድም ጦር ሳይከተላቸው!

ስለ አክሱምስ? እዚህ ላይ «የእኛ አገርስ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጉሥ ወደ ሕዝብ አይደለም እንዴ?» የሚሉን አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አመነ፤ በገንዘቡ ላይ የነበረው ጨረቃና ፀሐይ ወጥቶ መስቀል ገባ። ይኸ በእጃችን የሚዳሰስ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ሩፊኖስ ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ የጻፈውን ሳትዘሉ አንብቡ። ፍሬምናጦስ ከእስክንድርያ ጵጵስና ተሹሞ ከመመለሱ በፊት፣ ገና በቤተ መንግሥቱ ሳለ፣ አስቀድሞ የፈለገው ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ነበር፤ መጸለያ ቦታ እንዲሠሩም አገዛቸው። ከዘውዱ በፊት የአዱሊስ መንገድ ነጋዴ አለ ማለት ነው። ከዘውዱ በኋላ ደግሞ ገጠሩን ያዳረሱት በትውፊታችን ተስዓቱ ቅዱሳን የምንላቸውና እነሱን የተከተሉ መነኮሳት እንደሆኑ ይነገራል፤ ያውም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። የሳንቲሙ መስቀል የንጉሡን ልብ ይነግረናል፤ የገበሬውን አይነግረንም። የሐዋርያት ሥራን ጃንደረባ እያነሱ «እኛማ ከፍሬምናጦስም በፊት» ለሚሉ ደግሞ በትሕትና የምናስታውሰው ህንደኬ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ እንደነበረ ነው፤ መርዌ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነበር። የጎረቤትን ታሪክ ማክበር ያባት ነው፤ ቆርሶ መውሰድ ግን ምን ይባላል?

ሰይፉን ፈጽሞ አልነበረም ብለን እንዳንታማ የሚቀጥለውን እንናገር። ነበረ፤ በኋላ መጣ። ቴዎዶስዮስ በ380 በተሰሎንቄ አዋጅ ሕዝቡ ሁሉ የሮምና የእስክንድርያ ጳጳሳት የያዙትን እምነት እንዲይዝ አዘዘ። በ385 ጵርስቅልያኖስ ትሪየር ላይ በክርስቲያን ንጉሥ ፍርድ ተገደለ። በ388 በኤፍራጥስ ዳር ቃሊኒቆስ ላይ ክርስቲያኖች ምኩራብ አቃጠሉ፤ ቴዎዶስዮስ ይሠራላቸው ሲል የሚላኖው አምብሮስዮስ ተቆጥቶ አስቀረው። በእስክንድርያ ሴራፒዮን የተባለው ታላቁ ቤተ ጣዖት በ391 ወይም በ392 ፈረሰ፤ በ415 ሂፓትያ በአመፀኛ ሰዎች እጅ ተገደለች። የአንጾኪያው አረማዊ ሊቅ ሊባንዮስ መነኮሳቱ የገጠሩን መቅደስ እያፈረሱ ነው ብሎ ለንጉሡ አቤት ብሏል። ሱፍ ሠሪውና ጫማ ሰፊው በቤቱ ተቀምጦ ያወጋው የነበረው ነገር በአዋጅና በድንጋይ ሲመጣ ይኸው ነው መልኩ። ይኸንን የሚሸፋፍን ሰው ከእኛ ጋር አይቁም። ግን ደግሞ አስቡት፤ ቄሣሮቹ ከ312 ጀምሮ ገንዘብ ሰጥተው፣ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አንጸው፣ ቀሳውስቱን ከከተማ ግዴታ ነፃ አውጥተው፣ ሰባ ዓመት ገፍተው ካበቁ በኋላ በ380ም በ391ም ገና ሌላ አዋጅ ያስፈልግ ነበር። ዘውድ የሚያስፋፋው ይኸንን ያህል ነው። ብዙ ሰው ሹመት ፍለጋ ገባ፤ አውሳብዮስ ራሱ፣ ንጉሡን ሲያወድስ ብዕሩ የማይደክመው ሰው፣ በቆስጠንጢኖስ ዘመን በግብዝነት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሾልኮ የገባ እንደነበረ ሳይወድ ጽፏል።

በኤፍራጥስ ዳር ዱራ ኤውሮጶስ በምትባል ከተማ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱ ሲቆፈር አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ተገኘ። በ240 ገደማ ግድግዳው ፈርሶ ሁለት ክፍል አንድ ሆኖ ሰባ ሰው ገደማ የሚይዝ አዳራሽ ወጥቶታል፤ በጎን ባለችው ትንሽ ክፍል የጥምቀት ገንዳ አለ፣ ግድግዳውም ላይ ሥዕል። እዚያው መንገድ ላይ ከእሱ በጣም የሚበልጥና የሚያምር ምኩራብ ነበር። በ256 ፋርሶች ከተማዋን ሲከቡ ወታደሮቹ ቅጥሩን ለማጠናከር ቤቶቹን በአፈር ሞሉባቸው፤ በዚሁ ምክንያት ተጠብቆ ቆየልን። የቤቱ ባለቤት ስም አይታወቅም።

መልስ ያለው ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው። «ቆስጠንጢኖስ» የሚለውን መልስ የሚከላከል ግን ፋርስን እንዴት እንደሚያደርጋት አስቀድሞ አስቦ ይምጣ።